ቫሲቲ ከሃያ አሥራ ሰባት አገኘች

ቫሲቲ ናውሉ በአንዲት የደሴቶች አገር ዋና ከተማ፣ ሱቫ ውስጥ፣ ለሐኪሞች ተከታታይ ሥልጠና በሚሰጥ ትንሽ ቢሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስትተይብ ኖራለች። ሕክምና አልተማረችም፤ እንዲያውም መርፌ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። ቢሆንም በየደሴቱ ያሉ ሐኪሞች የሚፈተኑት የምርጫ ጥያቄ ሁሉ በእጇ ያልፋል።

አንድ ዝናባማ ማክሰኞ አዲሱ የፈተና ኃላፊ፣ ወጣቱ ዶክተር ሄማንት፣ ስለ ስኳር በሽታ ያዘጋጀውን ሃያ ጥያቄ ይዞ መጣ።

"ዲዲ፣ ይቺ ፈተና ቀልድ አይደለችም" አላት። እንደ ታላቅ እህቱ ስለሚያያት ዲዲ ነው የሚላት። "ያላነበበ አያልፋትም።"

"እኔስ?"

"አንቺ ግማሹን ካገኘሽ ለቢሮው ሁሉ የሮቲ ቂጣ እጋብዛለሁ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ካሳቫዋን እየበላች ተፈተነች። ሄማንት አረመ፤ አሥራ ሰባት። ደግሞ አረመ፤ ያው አሥራ ሰባት። ወጥቶ ሮቲውን ገዝቶ ተመለሰ።

"መልሱን ማን ነገረሽ?"

"አንተው ነሃ። ትክክለኛው መልስ ላይ ስትደርስ ትጠነቀቅና ታስረዝመዋለህ። 'በፍጹም' የሚል ያለበትን ምርጫ ራስህም አታምንበትም፤ ሁሌ ስሕተት ነው። የስድስተኛው መልስ ደግሞ ሰባተኛው ጥያቄ ውስጥ ተጽፏል።"

ሄማንት አንገቱን ደፋ። ቫሲቲን አሳዘናት።

"አትከፋ፤ ካንተ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበሩ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷ መልሱ የሚያሳብቅበትን ቦታ ስትጠቁም እሱ ሲያስተካክል ሰነበቱ። የቃላት ትርጉም መጠየቁን ትቶ ጥያቄው ውስጥ በሽተኛ አመጣ፦ እግሩን ኮራል፣ ስለታሙ የባሕር ድንጋይ፣ ቆርጦት፣ ስኳሩ ስላደነዘዘው ሕመሙ ያልተሰማው የካንዳቩ ደሴት ዓሣ አጥማጅ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? አራቱም ምርጫዎች እኩል ርዝመት ያላቸው፣ አራቱም የሚያማልሉ ሆኑ። ቫሲቲ እንደገና ስትፈተን አራት ብቻ አገኘች። ወደቅኩ ብላ እንደዚያ የሳቀችበት ቀን የለም።

ፈተናው እንደተላከ ከበደን የሚለው የሐኪሞች ስሞታ ጎረፈ። ከሩቅ ደሴት የደወሉትን አንድ አንጋፋ ሐኪም ስልክ ያነሳችው እሷ ነበረች።

"ማን ነው ይህን የእግር ጥያቄ ያወጣው?"

"አስቸገረዎት እንዴ፣ ዶክተር?"

"ተሳሳትኩት። ከዚያ አንድ የስኳር በሽተኛዬ ትዝ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ጫማውን አውልቅ ብዬው አላውቅም። አስጠርቼ አየሁት። ቁስል አለው፤ ግን በጊዜ ደርሼበታለሁ።"

ቫሲቲ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ሄማንት ክፍል ሄዳ፣ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ነገረችው።