በቀርከሃው በኩል የተነገረኝ ስም

መጽሐፍ ሻጭ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ዳንግላ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ ቢላዋና ገጹ ያልተቆረጠ መጽሐፍ ሰጡኝ። «ጫፍ ጫፉን ሰንጥቅ፤ ፊደሉን የነካህ ዕለት ተለያየን» አሉኝ። ቀጥለው አደራደሩን አሳዩኝ፦ የጸሎት መጽሐፍ ከላይ፣ የፊደል ገበታ በር ላይ፣ ልብ ወለድ ከባንኮኒው ሥር። «የግድያውን ታሪክ ቄሶቹ እንዳያዩት» አሉ። «የሚሸጠው ግን እሱ ነው። ሰው ደም ይወዳል።»

ጋሽ ደምሴ እንደ ተሳሳቱ የገባኝ እንጅባራ ሁለተኛ ሱቅ ከፍተው እኔን ከላኩኝ በኋላ ነው።

የእንጅባራ አየር ለመጽሐፍ አይስማማም። ክረምት ከገባ ሁሉ ነገር ይሻግታል፤ ካኪ ወረቀት የለበሱትን መጻሕፍት በየማለዳው ምድጃ ዳር እያወጣሁ አናፍሳቸው ነበር። ማንበብ የሚችለው ጥቂት፣ መስማት የሚወደው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ከአንድ የግድያ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቀጣዩን ገበያ መጠበቅ ያቃተው መጽሐፉን ተከራይቶ ቤቱ ያስነብባል። አማርኛው ለከበዳቸው አያ እንግዳ የሚባሉ ሽማግሌ በአገውኛ ይተረጉሙላቸዋል።

አድማጮቼ ለመርዙም ለሽጉጡም ግድ አልነበራቸውም። «እኅትዮዋ አለቀሰች?» «ከቀብር መልስ እህል ቀመሰ?» «ከብቱን እንዴት ነው የሚይዝ?» ይሉኛል። ገዳዩን የሚፈልጉት በጠባዩ ነው። አንድ ጊዜ በቅሎውን የሚደበድብ ሰው ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ብቅ ሲል አንዲት ሴት ተነሥታ «በቃ፣ እሱ ነው፤ አትልፋ» ብላ ሄደች። ተሳስታ ነበር፤ መጨረሻውን ብነግራትም አላመነችኝም።

ይህን አይቼ ጨዋታ ፈጠርሁ። በዚያ አገር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭ ይቀመጣል። አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና በምስጢር የተመረጡ ሰዎች ያዩትን ለዳኞቹ ሹክ ይላሉ። «ወፍ» ይባላሉ፤ ማንነታቸው አይነገርም። እኔም የመጨረሻውን ምዕራፍ ከማንበቤ በፊት አድማጮቼን ወፍ አደርጋቸው ጀመር። እኔ ሱቁን ከጓዳው ከሚለየው የቀርከሃ ግርግዳ ወዲህ፣ ጓዳ እቀመጣለሁ፤ እነሱ ከወዲያ በኩል ተራ በተራ እየቀረቡ የገዳዩን ስም ሹክ ይሉኛል። ሹክሹክታ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ማን እንደ ተናገረ አላውቅም ነበር።

ከአድማጮቼ አንዷ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ከዘንገና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ባልየው ከጫግኒ ገበያ ሲመለስ ፈረሱ ኮርቻውን እንደ ተጫነ ብቻውን ቤት ገባ፤ እሱ በማግሥቱ ሐይቁ ውስጥ ተገኘ። አውጫጭ ተቀመጠ። ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ። ወፍም አልተገኘ። ሐይቁ በላው ተባለና ቀረ። ከዚያ ወዲህ እርሻቸውን የሚያርስላቸው ጎረቤታቸው አያሌው ነው፤ ሳቂታ፣ ለታመመ ቀድሞ ደራሽ። እሱም ከአድማጮቼ አይጠፋም። ሁለቱ ሊጋቡ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብያቸው ነበር።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ገበያ አንድ መጽሐፍ ልንጨርስ ደረስን፤ አንድ ባለጠጋ በገዛ ቤቱ የተገደለበት ታሪክ ነው። ጉሙ በበር ገብቶ ሱቁን ሞልቶታል። ጓዳ ገብቼ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ወፍ መጣና «አያሌው» አለኝ።

መጽሐፉ ውስጥ አያሌው የሚባል ሰው የለም። የቀለዱብኝ መሰለኝ። ሁለተኛው መጣ። «አያሌው።» ሦስተኛውም እንዲሁ። «ከሐይቁ አፋፍ ሲገፋው አይቻለሁ» አለኝ አንዱ። «ሴትዮዋን አስጥላት» አለኝ ሌላው። ሁሉም አንድ ድምፅ፣ አንድ ትንፋሽ ሆነብኝ። ከወዲያ ያሉት ሰዎች መሆናቸውን እስክጠራጠር ድረስ ፈራሁ።

ከዚያ አንዱ ቀረበ። ሹክ አላለም፤ በሙሉ ድምፁ ተናገረ። አያሌው ራሱ ነበር።

«ወዳጁ ነው የገደለው። ያ ሐዘን ቤት ከሁሉ ቀድሞ ውኃ የቀዳው። እንዲህ ያለውን ማን ይጠረጥራል?» ብሎ ሳቀና ሄደ።

መጨረሻውን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። ልክ ነበር። የመጽሐፉን ገዳይ ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጥሩነሽ መጡ። «እኔ ግምት የለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚህ የሚመለሱት ሁሉ ዓይኔን አያዩኝም። ምን አሉህ?»

«ስለ መጽሐፉ የነገረኝ የለም። ሁሉም የአያሌውን ስም ነው የጠሩ» አልኋቸው።

ወደ ግርግዳው ይበልጥ ተጠጉ።

«እሱስ ምን አለ?»

«እሱ የመጽሐፉን ገዳይ አወቀ። ሐዘን ቤት ውኃ የቀዳው ወዳጅ ነው አለ።»

«ለእኔም የቀዳልኝ እሱ ነበር» አሉ።

የጓዳዬን በር ከፈትሁላቸው። በጓሮ ወጥተው፣ ዘንገና ሳይመለሱ፣ ወደ ጫግኒ በሚወርድ የጭነት መኪና ወንድሞቻቸው ዘንድ ሄዱ።

ወደ ሱቁ ስመለስ ሁሉም ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ጥሩነሽስ?» አለ አያሌው። «አንብብ» አሉኝ አያ እንግዳ። የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብሁ። የገዳዩ ስም ላይ ስደርስ ወደ እኔ የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም አያሌውን ያያል። እሱ እየሳቀ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ ሳቁን ተወ። ተነሥቶ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ወዴት እንደ ሄደ የሚናገር ወፍም አልተገኘም።

አያ እንግዳን «አውጫጩ ላይ ለምን ዝም አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እዚያ የተናገረ ደመኛ ያፈራል» አሉኝ። «አንተ ባዕድ ነህ። የጠየቅኸንም ስለ መጽሐፍ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ለሱቁ መጽሐፍ ሲያዝዙ «ደም የበዛበትን ልላክልህ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ጎረቤት የበዛበትን አዝዛለሁ። ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ነው።