ነብሩን ያደማችው ውሻዬ

የሰውየውን ስም አልጽፍም። የውሻዬ ስም ሳይጻፍ ከቀረ የእሱም አይጻፍለትም። አለቃዬ ስለነበር ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ፤ ቅር የሚለው ዘመድ ካለው ቅር ይበለው።

አሰበ ተፈሪ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ፖሊስ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ እናቴና እኔ እዚያው ቀረን። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ስለምናገር አለቃዬ በሄደበት ሁሉ ያስከትለኛል። የሚወደው መሄጃ ደግሞ ከኩኒ በላይ ያለው የመንግሥት ደን ነበር። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በላንድሮቨር እንወጣና መኪናው እምቢ ካለበት ጀምሮ በእግር እንገባለን። ጠመንጃውን እሱ ይይዛል፤ የቀረውን ዕቃ ሁሉ ሾፌሩ፣ የደኑ ጠባቂና እኔ እንሸከማለን።

እዚያ ቤት የለ፣ መንገድ የለ፣ ሰው የለ። ውሃው ከገደሉ ሥር ነው፤ ሽንት ቤቱ ከዛፍ ጀርባ ነው። አለቃዬ አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ እንዲህ ሲዝናና አይቶ ኖሮ «የሰው ነፍስ የምትታደሰው ድንኳን ውስጥ ነው» ማለት ይወድ ነበር። ድንኳኑን እኛ እንተክላለን፣ ዝናብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ እንቆፍራለን፣ እንጨት እንለቅማለን፤ የሱ ነፍስ ትታደሳለች። ያም ሆኖ ደኑን እኔም እወደው ነበር። ጠዋት በሶዬን በጥብጬ ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ጉሬዛዎቹ ከጥድ ወደ ጥድ ሲዘሉ፣ ጭጋጉ ከዝግባው ሥር ቀስ እያለ ሲነሳ አያለሁ። የምወደውን ቦታ ስላስጠላኝም ጭምር ነው ያልማርኩት።

ውሻዬ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሚኤሶ አምጥቶ በራችን ላይ ጥሎ የሄዳት ቡችላ ነበረች። ቀይ፣ ጆሮዋ አንደኛው የተንጠለጠለ፣ ሆዳም። እናቴ ውሻ አትወድም ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ግን እኔ ሳላይ ከወጡ ቅልጥም እየመረጠች ታስቀምጥላት ጀመር። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ከሩቅ ታውቀኝና መንገዱን ሙሉ እየተሽከረከረች ትመጣለች። ሚስት አልነበረኝም፣ ወንድም አልነበረኝም፤ ወደ ቤት ስገባ ደስ የሚላት እሷ ነበረች።

በዚያ ዓመት አለቃዬ «ውሻህን ይዘሃት ና፤ ጅብ ታባርርልናለች» አለኝ። ደስ አለኝ። በመንገዱ ሁሉ ከዳቦው እየቆረሰ አጎረሳት፤ እሷም ጭኑ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ሄደች። ሰውየው ልቡ መልካም ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ዳቦው ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የደኑ ጠባቂ ሽማግሌ እስላም ኦሮሞ ናቸው፤ በኦሮምኛው የአክብሮት ጥሪ ኦቦ እላቸዋለሁ። ስንደርስ አንድ ነብር ፍየል ለምዶ በቀን ሳይቀር እንደሚዞር ነገሩን። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ወንድሞቹ ሁሉ አንበሳም ጎሽም የገደሉ ናቸው፤ እሱ ግን ከዲኩላ በላይ ገድሎ አያውቅም። በየግብዣው ሽማግሌዎቹ በአሽሙር ሲነኩት አይቻለሁ።

በማግስቱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል «ውሃ አምጡ» አለን። ጀሪካኑ ገና አልጎደለም፤ አልጎደለም ብዬም ነገርኩት። «አምጡ አልኩ!» አለና ሾፌሩን ደግሞ መኪናውን እንዲያይ ላከው። ኦቦና እኔ ቁልቁል ወረድን። ውሻዬ ልትከተለኝ ስትል አለቃዬ በዳቦ መለሳት።

ውሃውን ተሸክመን ዳገቱን ስንጨርስ ተኩስ ሰማን። ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። ውሻዬ በድንኳኑ ገመድ ከጥድ ጋር ታስራለች፤ ነብሩ ላይዋ ላይ ወድቋል፤ ሁለቱም ሞተዋል። አለቃዬ በድንኳኑ በር ሽንቁር አፈሙዙን እንዳወጣ ነው፤ ገና አልወጣም።

«ነብር ውሻ ይወዳል» አለኝ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ።

የውሻዬ ጥርስ ከነብሩ ቀኝ እግር ላይ አልላቀቅም አለ። ሥጋው ተቦጭቋል፤ የነብሩ ደም ከአገጯ እስከ ደረቷ ወርዶ ረግቷል። ታስራም፣ እየሞተችም አልለቀቀችውም። የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ሁልጊዜ የሚጠነቀቁት ኦቦ አጠገቤ ተንበርክከው በእንጨት አፏን ፈለቀቁልኝ። ከዚያ ቀና ብለው አለቃዬን አዩትና በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣

«ጌታው፣ ደም መጀመሪያ ያወጣው አንተ አይደለህም። ይሄ ውሻ ነው» አሉት።

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ!» አለ አለቃዬ። ወደ እኔ ዞሮም «ለውሻ የሚያለቅስ ወንድ ዛሬ አየሁ። በል ዕንባህን ጥረግና ና፣ ቆዳውን ግፈፍ። አንድ ጥፍር እሰጥሃለሁ» አለኝ።

ቆዳውን ገፈፍኩ። ውሻዬን ቦይ በምንቆፍርበት አካፋ ቆፍሬ ከጥዱ ሥር ቀበርኳት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሲፎክርና ሲሸልል ወደ ከተማ ገባን፤ ቆዳው የመኪናው አፍንጫ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቅልጥም ይዛ ቆማ አየኋት።

የዚያን አገር የአደን ወግ ለማያውቅ ልንገር። በኛ ዘንድ ገዳይ የሚባለው አውሬውን የጨረሰው አይደለም፤ መጀመሪያ ያደማው ነው። አንዱ ቢያቆስል፣ ሌላው አሥር ጥይት ቢጨምርበት ግዳዩ የአቁሳዩ ነው። ስለዚህ ለገዳይ ቅቤ ከመቀባቱ በፊት የዱር ጓደኛው በሽማግሌዎች ፊት ይቆምና ደም የቀደመው ማን እንደሆነ ምሎ ይመሰክራል። አለቃዬ ይህን ወግ እንደ ጌጥ ያየው ነበር። የዱር ጓደኛው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅቤ የሚቀባበት ድግስ ሊደርስ ሲል ቢሮው ጠራኝ።

«የምትለውን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ሚኤሶ አንድ ጸሐፊ ላኩልን ብለውኛል። እናትህ ሙቀት አይስማማቸውም መሰለኝ?»

«አይስማማቸውም ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንደበትህን ጠብቅ» አለኝና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ውሻዬን ዳቦ ባጎረሰበት እጁ ነው የመታኝ። እናቴ የልብ ሕመም ነበረባት፤ ቆላ ብትወርድ ምን እንደሚያገኛት አውቃለሁ። ማታውኑ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ፤ ስትጨርስ ሰፌዱን አራገፈችና «ሚኤሶም ሰው ይኖርበታል» አለችኝ።

እሑድ ቀን ሰፊ ዳስ ተጣለ። ከሂርናም ከመሰላም እንግዳ መጣ። እስላሞቹ በእጃቸው ያረዱትን የሚበሉበት ሌላ ዳስ ጎን ለጎን ነበር፤ ኦቦም እዚያ ነበሩ፣ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። አለቃዬ አዲስ ካባ ደርቧል፣ ራሱን ገልጦ ለቅቤው ተዘጋጅቷል። ቆዳው ከኋላው ተሰቅሏል፤ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ያን ሳይ በሆዴ ሳቅሁ። የተነከሰውን ቦታ ባይደብቀው ኖሮ ውሻ ቀድማ አደማችው ብል ማን ያምነኝ ነበር?

አንድ አንበሳ ገዳይ ሽማግሌ ከሂርና በበቅሎ መጥተዋል፤ አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል። ተነሱና ጠሩኝ።

«የዱር ጓደኛው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በአምላክህ ተናገር። የነብሩን ደም ማን ቀደመ?»

አለቃዬ ፈገግ ብሎ አየኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱ ዛቻውን አምኖ የውሻዬን ነገር ረስቶት ነበር።

«ውሻዬ ቀደመች» አልኩ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬም አብሮ ሳቀና «ጠጥቷል፣ አስወጡት» አለ።

«ቀኙን እግር ፍቱትና እዩ» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸው ሄደው ስፌቱን በጩቤያቸው ፈቱት። የጥርሱ ቦታ ከነቅርጹ ነበር። ጣታቸውን በያንዳንዱ ቀዳዳ አሳለፉ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ይህን ጊዜ ኦቦ ከወዲያኛው ዳስ ተነስተው መጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወላሂ! አፉን እኔ ነው የከፈትኩ። ደሙ ረግቶ ነበር። ጥይት ሳይመጣ ነብር ደምቶ ነበር» አሉ።

«ውሻዋ ስትይዘው እናንተ የት ነበራችሁ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ኦቦና እኔ ውሃ ተልከን ነበር። አለቃዬ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። እሷ ታስራ ነበር።»

«ማን አሰራት?»

አለቃዬን ብቻ አየሁት፤ ዳሱም ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ላቡ ከግንባሩ ወደ ካባው ሲወርድ አየሁ።

ሽማግሌው የቅቤውን ጣባ አነሱ፤ አለቃዬን አልፈው ወደ እኔ መጡ። «ግዳይ ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ለወገኑ ነው» አሉና ቅቤውን አናቴ ላይ አደረጉት። እኔም ዘለልኩና ፎከርኩ፤

«ገመድ ባንገቷ፣ ነብር በጥርሷ፣
ድንኳን የገባው ጌታ፣ ደጅ የቆመች እሷ!»

ሰው በጭብጨባ ተቀበለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብዙ ዓመት አልፏል፣ ይቅር በል የሚሉኝ ቄስም አጋጥመውኛል፤ ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ወዲያው ወደ ሚኤሶ ተዛወርኩ። እናቴ እዚያ በሙቀቱ ስትቃትት አራገብኩላት፤ ብትረግም እሱን ረገመች እንጂ እኔን አልወቀሰችም። ዕድሜዋን ግን ሙቀቱ አሳጠረው። ይህንንም በእሱ ላይ ደመርኩበት። በአሰበ ተፈሪ ግን ያ ቆዳ «የውሻዋ ነብር» ተብሎ ቀረ። አለቃዬ ከግድግዳው አወረደው፤ ድንኳንም ዳግመኛ አልተከለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ለቅሶው ላይ ከሚኤሶ ተነስቼ ደረስኩ፤ ለምን እንደሄድኩ የሚጠይቀኝ አልነበረም። እንደ ወጉ ጠመንጃው፣ ካባውና በቅሎው በአደባባይ ቀርበዋል። አልቃሿ ዘሩን አነሳች፣ ደግነቱን አነሳች። ጠመንጃውን ከፍ አድርጋ ግዳዩን ልትቆጥር ስትል ዓይኗ ከኔ ዓይን ጋር ገጠመ። አፏን ያዝ አደረገች፤ ነብሩን ዘለለችና ወደ በቅሎው አለፈች።

ያኔ ዕንባዬ መጣ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች «ምን ዓይነት ደግ ልብ ነው፤ ሁሉን ረስቶ አለቀሰለት» ሲባባሉ ሰማሁ። አላረምኳቸውም። እኔ ያለቀስኩት ለውሻዬ ነው።