የይታይሽ ጃንጥላ ካሜራ ሆነ

ዛሬ ባለቤቴን ይታይሽን በአንድ ፎቶ ልጃገረድ አደረግኋት!

ካሜራውን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሳጥኑ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ሌንሱ ዳዊት የምደግምበት ማጉያ መነጽር፣ ፊልሙ ርካሹ የራጅ ፊልም ነው። ሌንሱን ከሳጥኑ የሚያገናኘውን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ጥቁር ጨርቅ ግን ከይታይሽ ጃንጥላ ላይ ቆረጥኩት። አላስፈቀድኳትም፤ ብጠይቃት እንቢ ትላለቻ!

«አንተ ሽማግሌ! ፎቶው ካልወጣ ክረምቱን ሙሉ ያለ ጃንጥላ ገበያ የምትመላለሰው አንተ ነህ» ብላ ፈረደችብኝ ጃንጥላዋን ተቆርጦ ስታገኘው። የደብረ ማርቆስን ዝናብ የምታውቁ እዘኑልኝ።

ግቢ ውስጥ አስቀመጥኳትና «ፈገግ በይ፣ እስክጨርስ እንዳትናገሪ» አልኳት። እውነትም ዝም አለች። ካሜራው ለዚህ ብቻ እንኳ ሊሸለም ይገባዋል።

ጓዳውን አጨልሜ ፊልሙን አጠብኩት። ወጣ! ኔጌቲቭ ስለሆነ ነጩ ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ነጥቷል። ወደ ብርሃን ይዤ አሳየኋት።

«ውይ! ሽበቴ የት ሄደ?»

«ቆይ እንጂ፣ ወረቀት ላይ ሲታተም ይመለሳል።»

«እንዳትነካው! እንዲሁ ይሰቀል።»

ይኸው መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል፤ ጃንጥላውም ይቅር ተብሏል። ጥርሷ አብሮ መጥቆሩን ግን ገና አላየችም። ቤት የምትመጡ ሰዎች አደራ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ዝም በሉልኝ።

እናንተስ ከቤት ሰው ዕቃ ሰርቃችሁ ምን ሠራችሁ? ተናዘዙ እንጂ፣ ብቻዬን አታስኮንኑኝ!