የካንጋተን ከብቶችና የቅዳሜው ሠርግ

ሰምሃል ጂንካ ተወልዳ ጂንካ ያደገች፣ የእንስሳት ክትባት መረጃ ሠራተኛ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ የወረዳዎቹን የኤክሴል ፋይሎች ከአንድ ዋና ፋይል ጋር አገናኝታ ስትሠራ የተሳሳተ ቁጥር አሳድራ አታውቅም። ስህተት ካየች ምሳ አይወርድላትም። ሴትዮዋ እንዲህ ናት፣ ምን ይደረግ።

በጥር 2016 ግን ጉድ ፈላ። ዋናው ፋይል ኦሞ ወንዝ ዳር ያለችውን የካንጋተንን ከብት በሙሉ ቀይ አድርጎ «የክትባት ጊዜው አልፎበታል» አለ። ካንጋተን ወርዶ ሲከትብ የከረመው ደግሞ እጮኛዋ ባሮክ ነው። ሠርጋቸው ቅዳሜ፣ ዕለቱ ማክሰኞ። አለቃዋ አቶ ሀብተ ማርያም ቀዩን አይተው፣ «እዚያ ምን ሲሠራ ከረመ? ሁሉንም እንደገና ሳይከትብ ንቅንቅ እንዳይል» አሉ።

«ጋሼ፣ ሠርጋችን እኮ ቅዳሜ ነው።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ይዋሻል እንዴ ልጄ?»

ሰምሃል ፎርሙላውን ሴል በሴል በረበረች። ሊንኩ ደህና፣ ድምሩ ደህና። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ዕድሜው አራት ወር የሆነ ጥጃ፣ ከተከተበ ሰባት ዓመት አልፎታል። እናቱ ራሷ ያኔ አልተወለደችም! ለካስ ባሮክ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ኖሯል፤ ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፣ ለእሱ ዘንድሮ 2024 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚጨምር ፎርሙላ ጻፈችና እስከ ፋይሉ ግርጌ ጎተተችው። ካንጋተን አረንጓዴ ሆነ።

አቶ ሀብተ ማርያም መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ጠዋት ቀይ፣ ከሰዓት አረንጓዴ? ይሄማ እዚያው ሆኖ የሚያጣራ ሰው ይፈልጋል። ሥራውን የጨረሰ ካለ እሱ ይሂድ፣ ከሌለ ባሮክ እዚያው ይቆይ።» ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ወርዶ የዲመካ መስመር ላይ አረፈ። «ዶላሞ! ይኸው 2031 ይላል። የሰባት ዓመቱን ከትቦ ጨርሷል። ጎበዝ ልጅ፣ እሱ ይሂድ።»

የዲመካው ከታቢ ዶላሞ ድሮም ቀን የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። ፎርሙላዋ ሲጎተት የእሱንም ቀን ሰባት ዓመት ወደፊት ወስዶታል። ሰምሃል ልትናገር አፏን ከፈተች። ከተናገረች ባሮክ ከሠርጉ መቅረቱ ነው። ፋይሉን እንዳለ ሴቭ አደረገችው።

ሐሙስ ዶላሞ ደወለ። የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜ እሱ ነበር።

«እህቴ፣ ካንጋተን ሂድ ተባልኩ። የሰባት ዓመት ሥራ ጨርሰሃል አሉኝ፤ መቼ እንደሠራሁት እንጃ። የሚዜ ሱፉን በሚኒባስ ልላክልሽ? ሌላ ሰው ይልበሰው።»

ሰምሃል አፈረች። እውነቱን ልትነግረው ፈለገች። ባሮክ ግን ገና ወደ ጂንካ መንገድ ላይ ነው፤ ከአቶ ሀብተ ማርያም አንድ ስልክ ወደ ካንጋተን ይመልሰዋል።

«ላክልኝ» አለችው።