ነዳጅ የተገኘ ቀን በሩ ተቆለፈብኝ

«አገራችሁ ነዳጅ ተገኘ!» አለኝ ሙስዮ፣ የማዳሜ ባል፣ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብሎ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ዐረብ አገር፣ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ። መጥረጊያዬን ጥዬ እልልታዬን አቀለጥኩት! ያኒ፣ ድህነት ቀረ ብዬ።

ማዳሜ ፊቷ ጠቆረ። «ኸላስ፣ ጥለሽን ልትሄጂ ነው?» ብላ ፓስፖርቴን መኝታ ቤቷ ወስዳ ደበቀችው። የውጭውን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። የእሁድ ቤተ ክርስቲያኔም በዚያው ቀረ።

የነዳጁን ጠብታ እንኳ ያየ የለም፤ እኔ ግን ታሰርኩበት።

ዛሬ ጠዋት እዚያው አገር፣ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር፣ ራሴ በተከራየሁት ክፍል፣ ስልኬ ላይ «ነዳጅ ተገኘ» የሚል ዜና አየሁ። እልል ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መጀመሪያ ሄጄ በሩን ሞከርኩት።

እናንተስ? እልል ያለ አለ?