የሚጠጣ ውሃ በእግር አይረገጥም

እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ሄርሞን ተራራ ላይ በረዶ መጣሉን በሬዲዮ በሰማች ቁጥር ትደውልልኝ ነበር። እሷ የምትኖረው ሽኩና ጊሜል የሚባል ሰፈር፣ እኔ ሽኩና ቫቭ። እኛ በረሃው ቤርሼቫ ውስጥ አቧራ እየቃምን እሷ "ጣለ እኮ!" ትለኛለች፣ የራሷ ማሳ ላይ የዘነበ ይመስል። በረዶው ሲቀልጥ ወንዝ ሆኖ ኪኔሬት ሐይቅ እንደሚገባ፣ አገሩም ከዚያ እንደሚጠጣ ታውቃለች። "እማዬ፣ አሁንኮ የባሕር ውሃ አጣርተው ነው የሚልኩልን" ስላት፣ "ባሕሩንስ ማን ሞላው?" ብላ ዘጋችኝ። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም።

አይፈረድባትም። ያደገችው ጎንደር፣ ሰሜን ተራሮች ሥር ነው። ወደዚህ፣ ወደ እስራኤል፣ በአውሮፕላን ስንመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ሆኖም የዚያ ተራራ ጠዋት አሁንም ይናፍቀኛል። ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ያድራል። ረፋዱ ላይ ጉም ይወርድና የላሞቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ ላሞቹ አይታዩም። ከተራራው የሚወርደው ምንጭ ጥርስ ያደነዝዛል። ውሃው ሥርዓት ነበረው፦ ከላይ የሚጠጣ ይቀዳል፣ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፣ ከዚያ ወዲያ ልብስ ይታጠባል። የምንጩን ዓይን በእግሩ የረገጠ፣ የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ ያገኘው ሁሉ ይቆጣዋል።

ልጄ ይህን ሁሉ አታውቅም። ሕፃን ሳለች ከአያቷ ጉያ አትወጣም ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ዕብራይስጡ ወሰዳት፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው። እናቴ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጄ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፣ እኔ መሃል ላይ አስተርጓሚ ሆንኩ። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው። የእናቴን ረጅም ምርቃት "ትወድሻለች" ብዬ አሳጥረዋለሁ፣ የልጄን ማጉረምረም "ደክሟት ነው" ብዬ አለሰልሰዋለሁ። እያደር ሁለቱም እኔን ብቻ እያዩ ያወሩ ጀመር። ልጄ ጦር ሠራዊት የምትገባበት ጊዜ ሲቃረብ ፍርሃት ያዘኝ። ጉልበቷ የደከመ አያትና ቤት የማትውል ወታደር፣ እንዲህ እንደተራራቁ ሊቀሩ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ የአዛውንቶች ማኅበር ወደ ሄርሞን ጉዞ ሲያዘጋጅ ሦስታችንንም አስመዘገብኩ። ተራራው ላይ ስንደርስ ብርዱ ፊት ይገርፋል፣ ጉሙ ከጫፉ ላይ ይወርዳል። "ይሄ ያገሬ ብርድ ነው" አለች እናቴ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰዉ በፕላስቲክ መንሸራተቻ እየተንሸራተተ ይጮኻል፣ ይስቃል። ልጄ በረዶው መሃል ገብታ እጇን ዘረጋችላት። "ሳቭታ፣ ቦኢ!" አያቴ፣ ነይ ማለቷ ነው።

እናቴ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆመች። "አልረግጥም! ሰው የሚጠጣውን? እነዚህስ ተቆጪ የላቸውም?"

ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። ልጄ አፈረች። "ኢማ፣ ማ ሂ ኦሜሬት?" ምን እያለች ነው ማለቷ ነው። እኔም እንደ ልማዴ አለሳለስኩት፤ "በርዷት ነው" አልኳት። "አዝ ላማ ባኑ?" አለች ልጄ፤ ታዲያ ለምን መጣን? ጥላን ሄደች፣ ስትንሸራተት ዋለች። እናቴ የተዘረጋው እጅ የነበረበትን ቦታ እያየች ቆማ ቀረች። በሁለቱም በገንኩ። ከእንግዲህ አንድ ቃል ብተረጉም ብዬ አኮረፍኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ወንዝ ዳር ለምሳ ቆመ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እገምጣለሁ። እናቴ ወደ ውሃው ወረደች፤ እንዳትወድቅ ልጄ ተከተለቻት። ልጄ ጭቃ የነካው ጫማዋን ልትነክር ስትል እናቴ እጅጌዋን ያዘች። "እዚህ አይደለም!" ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዳቦዬን አየሁ።

እናቴ ውሃ በእፍኟ ቀድታ ጠጣች፣ ልጄንም አጠጣቻት። ከዚያ በጣቷ ወንዙን ተከትላ ሽቅብ ነጩን ተራራ አሳየቻት። እጇን ይዛ ትንሽ ወደ ታች ወሰደቻትና ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ እንደ ቀንድ አቁማ "እምቧ!" አለች። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያም ዝቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጄ መጀመሪያ የአያቷን ጫማ አወለቀች፤ ያበጡትን እግሮቿን በዚያ በረዶ ውሃ ቀስ ብላ አጠበቻቸው። ድንገት እጇን አቁማ ተራራውን ቀና ብላ አየች።

"እኔ... ረገጥኩ?" አለች። በአማርኛ!

"ረገጥሽ እንጂ፣ የኔ ዓለም" አለች እናቴ። "ግድ የለም። ውሃ ሲወርድ ይጠራል።"

እንዳልጠራቸው ከንፈሬን ነከስኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ልጄ የአያቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ኩርፊያዬን ረስቼ፣ "ለመሆኑ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስትባባሉ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩ።

እናቴ የልጄን ፀጉር እየዳበሰች ገላመጠችኝ። "እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ፤ "ዛሬ አንቺ ስላኮረፍሽ ተግባባን።"