ሰልፉ ሲጠጋ የታለፈችው ሴት

ከአንድ ዝርዝር አንዳንዱን መርጦ ወደ ሌላ ዝርዝር መገልበጥ ይህን ያህል የሚያበሽቅ ሥራ መሆኑን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። የፕሮግራም ቋንቋው ለዚህ ጉዳይ፣ አብሮት በሚመጣው ስታንዳርድ ላይብረሪ ውስጥ፣ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያቆም፣ ማንን እንደሚመርጥና የመረጠውን የት እንደሚያኖር ትነግሩታላችሁ፤ አለቀ። የመጀመሪያውን ዝርዝር ሳይነካ፣ መስፈርቱን ያሟላውን ብቻ ወደ አዲሱ ይገለብጣል። ተማሪዎቼ ግን የተዘጋጀ ነገር አይወዱም። የራሳቸውን ሉፕ፣ ማለት ተደጋጋሚ ትእዛዝ፣ ጽፈው ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይሄዱበታል፤ የማይፈልጉትንም እዚያው እየሄዱ ይሰርዛሉ። አንዱ ሲሰረዝ ከኋላው ያለው ወደ ቦታው ይጠጋል፤ እነሱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቁጥር ተራምደዋል። የተጠጋው ሳይታይ ይታለፋል።

«ስህተት አላሳየም እኮ መምህርት» ይሉኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላቸው ይስቃሉ። የአሮጊት ተረት ይመስላቸዋል! እኔ ግን ይህንኑ ስህተት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከማየቴ በፊት በሰው ላይ ሠርቼዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ የሂሳብ አስተማሪ ነበርሁ። ዝናብ በከዳን ዓመት ማግስት የጤፍ ዘር መጣ። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ለዘር የሚሆን እህል በቤቱ የሌለው ይወስዳል። ዘር ያላገኘ አይዘራም፤ መሬቱን ጦም ያሳደረ ደግሞ ተወስዶ ለሌላ ይሰጥበታል። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም መጻፍ የምትችል ሰው ሲፈልግ እኔን መዝጋቢ አደረገኝ።

ሊቀመንበሩን ከእህሉ ይልቅ የሚያሳስበው ሰልፉ ነበር። መስኩ ላይ ድንጋይ በመስመር አስደርድሮ በየድንጋዩ አንድ አንድ ሰው አቆመ። «ጓዲት መምህርት፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየሄድሽ ጠይቂ። ዘር አለኝ ያለሽን ወደ ቤቱ ስደጂ፣ የለኝም ያለሽን ጻፊ» አለኝ። ጎረቤት እየሰማ መዋሸት ስለማይቻል ሰው እውነቱን ይናገር ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ እሱ አርፎ ቢቀመጥ። አንድ ሰው ዘር አለኝ ብሎ ከሰልፉ በወጣ ቁጥር፣ «ክፍተት አልወድም! ጠጋ በሉ!» እያለ ይጮኻል። ከኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ወደ ፊት ይመጣል። እኔ አንገቴን ደብተሬ ላይ እንደደፋሁ ወደሚቀጥለው ድንጋይ እራመዳለሁ። እዚያ የማገኘው ግን ተረኛው አይደለም፤ ከተረኛው ኋላ የነበረው ነው። ተረኛው እኔ ለቅቄ በመጣሁት ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

አንደበት ያለው ጮኸ። «እኔስ? ምነው ዘለሉኝ?» ያሉትን እየተመለስሁ ጻፍኋቸው። ሦስት አራት ሰው እንዲህ ሲጮኽ፣ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ የምል ሴት ቆም ብዬ ምክንያቱን መጠየቅ አልነበረብኝም? እኔ ግን ሰዎቹ የሚሽቀዳደሙ መስሎኝ ተቆጣኋቸው። ማንንም ከቦታው ሳላንቀሳቅስ፣ ዘር የሌላቸውን ስም ብቻ ብገለብጥ ኖሮ ማንም አይታለፍም ነበር። ዘር ያላቸውን በኋላ ማሰናበት ይቻል ነበር፤ ማን ያባርረናል? ብቻ ሊቀመንበሩ ዝርዝሩ ላይ ማኅተም መታበት፤ ዘሩም በዚያው ቀን ታደለ።

መስከረም ላይ፣ ጤፉ በየማሳው አምሮበት ሳለ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለ አንድ ማሳ አረም ውጦት አየሁ። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ነው አሉኝ። ቤቷ ድረስ ሄድሁ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። መልኳን ሳየው ትዝ አለኝ፤ ከሰልፉ ውስጥ ነበረች።

«እህቴ፣ ዘሩን ለምን አልወሰድሽም?» አልኋት።

«መች ተጻፍሁና መምህርት።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽሽም? ሌሎቹ ሲጮኹ አልሰማሽም?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎ የተማሩ ነዎት። ሳይጠይቁኝ ሲያልፉኝ መልሱን የሚያውቁት መሰለኝ» አለችኝ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እህልም አይገባበትም! በንዴት ጦፍሁ። የተናደድሁት ደግሞ በእሷ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ከእሷ ቤት በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድሁ። ደብተሩን ገልጦ በጣቱ እስከ ታች ወረደና «የለችም» አለኝ።

«አለመኖሯን አውቃለሁ! ስህተቱ እኮ እሱ ነው፣ የዘለልናት እኛ ነን» አልሁት።

«የጻፍሽው አንቺ፣ ያኔ ያላለቀስሽበትን ዛሬ ልታለቅሺበት ነው? ጦም ያደረ መሬት ተለክቶ አልቋል።»

ለወረዳው ማመልከቻ ጻፍሁ። ቆይቼ ሌላ ጻፍሁ። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም፤ መሬቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በተከታዩ ክረምት ያ ማሳ ጤፍ ለበሰ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያርሙበታል፤ ባለመሬቱ ለቀን ሥራ በእህል የቀጠራቸው ናቸው። ከመሀላቸው አንዷ እሷ ነበረች። ሳታየኝ ልለፍ ብዬ እርምጃዬን ፈጠን ሳደርግ ቀና አለች። ብትሰድበኝ በወደድሁ። ጭቃ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ።

«እንደምን ዋሉ መምህርት?» አለችኝ።